በሰው ኮርሳ የሞትኩበት እሑድ

መሞቴን ያወቅሁት በጉልበቴ ነው።

እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ሳቁ፣ ግን ጨርሱልኝ። የቀኝ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ የሚነቃ፣ ከእኔ በኋላ የሚተኛ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገር ጉልበት ነው። ባለቤቴ እንኳ ስታኮርፈኝ ሁለት ሦስት ቀን ዝም ትላለች፤ እሱ ግን ዝም ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ በዚያ የነሐሴ እሑድ ጠዋት፣ ከደባርቅ ወደ ደባት በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ጉም መሐል፣ ጉልበቴ ዝም አለ። አዳመጥኩት፤ ዝም። ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩና ተነኮስኩት፤ ዝም። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ጉልበቱን ካላመመው ምን ሆኖ ነው ብዬ አሰብኩ። ባስበው ባስበው መልሱ አንድ ብቻ ሆነብኝ።

ግን ከሥሩ ልጀምር፤ እኔ ከመካከል ስጀምር ሰው ያበድኩ ይመስለዋል።

እኔ የማውንቴን ሰው ነኝ። ማውንቴን የምንለው ያንን ጎማው ወፍራምና ጥርሳም የሆነውን፣ ድንጋይ የማይፈራውን ብስክሌት ነው። በሥራ ዘመኔ ከብት ከታቢ ነበርኩ። የመድኃኒቱን ሳጥን ከኋላ አስሬ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው የእግር መንገድ ስንቋቋ ከብቶቹ ከሦስት ተራራ ማዶ ይሰሙኝና ይሸሹ ነበር። ጡረታ ስወጣ ሰዎቹ ያደረጉልኝን ሽኝት አልረሳውም፤ ከብቶቹ ግን ከሰዎቹ የበለጠ ደስ ብሏቸው እንደነበር አልጠራጠርም። የኔ ብስክሌት ይንቋቋል፤ ካቴናው ያጉረመርማል፣ የጭቃ መከላከያው ያጨበጭባል። ድንጋዩ ይናገራል፣ አጥንቴ ይመልሳል። እንዲህ ባለ ጫጫታ ውስጥ ሰው መኖሩን ይረሳ ዘንድ አይቻልም።

የደባቱ ወዳጄ አያ ቢምረው ደግሞ የኮርሳ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ ነው አያ የምለው እንጂ በአእምሮ የሚበልጠኝ መስሎኝ አይደለም። ኮርሳ ማለት ያቺ ጎማዋ እንደ ጣት የቀጠነ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ነጂዋን ሥጋ እንዳየች ድመት የምታስጎነብስ ብስክሌት ናት። የሱ ቀይ ናት። ከደባርቅ እስከ ደባት ባለው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ የጎረቤቱን በቅሎ ቢስት እንኳ የቢምረውን ቀይ ኮርሳ አይስትም። ከሱ ሌላ ማንም ተቀምጦባት አያውቅም።

እሱ እኔን "ጠጠር" ይለኛል፤ እኔ እሱን "ሬንጅ" እለዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ሃያ ዓመት ተዋደድን። "አስፋልት ላይ ብስክሌት መንዳት አልጋ ላይ ተኝቶ እንደ መሮጥ ነው" እላለሁ። እሱ "አንተ እኮ ብስክሌት አትነዳም፤ እህል ነው የምትወቃው" ይለኛል። ለእናንተ ብቻ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ እሱ አስፋልቱ ላይ ድምፅ ሳያሰማ እንደ ውሃ ሲፈስ ከማዶው የእግር መንገድ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቀንቻለሁ። ደግሞ ፈርቻለሁ፤ እንዴት ሰው ሲሄድ አይሰማም?

ባለፈው ክረምት አያ ቢምረው ታመመ። ጎንደር ሄዶ ተመረመረ፤ የሐሞት ጠጠር ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ ከጠጠር ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ ጠጠሩ ዞሮ በሆዱ ገብቶ ጠበቀው። እንዲህ ብዬ ብቀልድበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሐኪሙ በቶሎ ሆዱ ካልተቀደደ ሐሞቱ ሊፈነዳ ይችላል ብሎ ነበርና ቀልዱን ዋጥኩት። እሱ ግን አልቀደድም አለ። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሰማም። ልጁ ትርንጎ አለቀሰች፣ አልሰማም። ለሰኞ ቀጠሮ ተይዞለት፣ እሑድ አምስት ሰዓት ላይ የሚወስደው መኪና ተለምኖ፣ ቅዳሜ ማታ የመጨረሻ ቃሉን ሰጠ። ኮርሳው እሱ ከመታመሙ በፊት ደባርቅ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ቀርታ ነበር። "ጠጠር ኮርሳዬን እየነዳ፣ አንድም ቦታ ከኮርቻዋ ሳይወርድ፣ መኪናው ሳይነሳ ከደጄ ከደረሰ እሄዳለሁ፤ ካልሆነ ተዉኝ" አለ።

እኔ ኮርሳ ላይ ከምቀመጥ ሊማሊሞን በጀርባዬ ብንከባለል እንደምመርጥ ስለሚያውቅ ነው። መንገዱን ዘግቶ ቁልፉን የጣለ መስሎት ነበር።

ትርንጎ የደወለችልኝ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ወጥቼ ከደጀ ሰላሙ ሳልርቅ ነው። "ጋሼ፣ ያባቴ ነገር በእርስዎ እግር ላይ ነው" አለችኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ከነነጠላዬ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ስልኬን ለባለቤቴ ሰጠሁ፤ ስልክና ኮርሳ ባንድ ጊዜ መያዝ እንደማልችል ታውቃለችና። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ በሰው ኮርሳ ላይ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ሜትር አልተርክላችሁም፤ ያዩኝ አህዮች ይበቁኛል። ነጠላዬ አስቸገረኝ። ኮርሳ ላይ ሰው ስለሚጎነበስ ነጠላው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ጥለቱም የኋላ ጎማው ውስጥ ሊገባ ይሻል። ከኮርቻ አልወርድ ነገር፣ ቃል አለ። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ፣ አንዱን ፔዳል ላይ አድርጌ፣ ነጠላዬን ገለበጥኩና ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቴና ጆሮዬ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። ሞቀኝ። በብልሃቴም ኮራሁ።

ከዚያ ጉሙ መጣ።

የነሐሴ ጉም ከሊማሊሞ ገደል ተነስቶ ወደኛ ሲመጣ አይመጣም፤ አለ ብቻ። አንዴ ገብስ ማሳ ታያላችሁ፣ አንዴ ምንም አታዩም። ከፊቴ አራት ክንድ የምታህል አስፋልት ብቻ ቀረች፤ እሷም ከጎማዬ ሥር እየገባች ታልቃለች፣ ሌላ አራት ክንድ ትመጣለች። ቁልቁለት ነበርና አልረግጥም። ነፋስ የለም። ጎማዋ አትሰማም፣ ካቴናዋ አትሰማም። የምሄድ አይመስለኝም፤ እኔ ቆሜ መንገዱ በሥሬ የሚሳብ ይመስለኛል። ጉልበቴ ዝም ያለው ይህን ጊዜ ነው።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። አያ ቢምረው ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ብቻውን ሲበላ ነበር ለካ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ደስታዬ ቀዘቀዘ። አንድም የሚያመኝ ነገር የለም፤ ወገቤም፣ መዳፌም፣ መቀመጫዬም። ገላዬን ፈለግሁት፤ አጣሁት።

ከመንገዱ ዳር ሁለት ሴቶች ከጉሙ ወጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ይሆናል። እንደምን አደራችሁ አልኩ። አልመለሱም። አንደኛዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላይቱ ኮርሳዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎንበስ አለች። ጉሙ መልሶ ዋጣቸው።

ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ገበሬ መንገድ ዳር ቆሟል። እሱም አየኝ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰባ ዓመት ሙሉ ለኔ ባርኔጣ ያወለቀ ሰው የለም፤ ያውም በብርድ። ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ አየሁ፤ ትልቁም ትንሹም ባንድነት ከተቀመጠበት ተነሳ። ማንም አይናገርም። ካለፍኳቸው በኋላ ግን ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብዙ እግር ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ጠብ ጠብ የሚል። ዞሬ ላይ ብል፣ ኮርሳ ላይ ዞር ማለት ወደ ዞሩበት መሄድ ማለት ነው፤ አንዴ ሞክሬ ቦይ ልገባ ነበር። እግሮቹ ወደ ኋላ ራቁ፤ ተመስገን አልኩ።

በነሱ ፈንታ የጭነት መኪና መጣ።

ይህን ልብ በሉልኝ። በዚህ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ብስክሌተኛ አይቶ ፍጥነት ሲቀንስ አላየሁም፤ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ጭቃውን ረጭቶ፣ ቢቻለው ወላጆቻችሁን ሰድቦ ያልፋል። ይህኛው አላለፈም። ሁለት ደብዛዛ ብርሃኖቹን ከጀርባዬ አድርጎ ይከተለኛል። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ስቀንስ ይቀንሳል። እለፍ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ አላለፈም። እየቆየ ቆም ይላል፤ የሆነ ነገር ሲጫንበት ይሰማኛል፤ ደግሞ ይደርስብኛል። መብራቱ ጥላዬን ከፊቴ ጉሙ ላይ ጣለው፤ ራሱን የተከናነበ፣ የጎበጠ፣ ዛፍ የሚያህል ነገር ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። ጥላዬ ነው ብዬ ራሴን አስረዳሁት። ራሴ አላመነኝም።

ያኔ ነው የደመደምኩት። በቃ፣ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ወድቄአለሁ፤ ምናልባት ነጠላዬን ስገለብጥ። ሬሳዬ እዚያ ቦይ ውስጥ ነው፤ ይህ የሚሄደው ነፍሴ ነው፤ ከኋላ የሚመጣውም የሚወስደኝ ነው፤ ጥሩምባ የማይነፋውም ስለማይቸኩል ነው። ከሁሉ የቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ኮርሳ ላይ መሞቴ። ማውንቴን ላይ ብሞት ቢያንስ ሲንቋቋ ሰምተው ያነሱኝ ነበር።

ቀጥሎም አያ ቢምረው ትዝ አለኝ፤ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እኔ ከሞትኩ ከደጁ አልደርስም። ካልደረስኩ መኪናውን ይመልሰዋል። የሞተ ሰው ቢደርስስ ይቆጠራል ወይ? ቃሉ "ጠጠር እየነዳ" ነው እንጂ "በሕይወት እያለ" አላለም። ይህን ክርክር ይዤ መርገጤን ቀጠልኩ።

ከአንድ ኮረብታ ሥር መምሬ አየልኝን አገኘኋቸው። እኒህ ካህን ንስሐ አባቴ ናቸው፤ በዚህ ምድር "ልጄ" ብለው የሚጠሩኝ የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አንድ እግሬን መሬት አስነካሁ፤ አንዱን ከፔዳል አላነሳሁም። መኪናውም ከኋላዬ ቆመ።

"መምሬ፣ ያዩኛል?" አልኳቸው።

"አየሁህ እንጂ ልጄ።"

"ደኅና እመስላለሁ?"

አዘኑልኝ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና "ሂድ፣ አትቁም። እኛም ከኋላህ ወደዚያው ነን" አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ለመሞቴ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ንስሐ አባቴ ፈረሙልኝ እኮ።

ዳገቱ መጣ። የኮርሳ ዳገት የሕያዋን ዳገት አይደለም፤ የምትቀይሩት ማርሽ ያልቃል፣ ዳገቱ አያልቅም። መውረድ የለም። እየተወላገድኩ ከአንዱ ዳር ወደ አንዱ ዳር አስፋልቱን እንደሚሰፋ ሰው ወጣሁት። ልቤ ይመታል። የሞተ ሰው ልብ ይመታል እንዴ የሚል ጥርጣሬ ገባኝ፤ ግን ጉልበቴ አሁንም ዝም እንዳለ ነው፣ ቁልቁለቱ መጣ፣ ጥርጣሬዬም ተወኝ። ደባት ስገባ ሱቆች ሲዘጉ ሰማሁ። ሰው ከየበረንዳው ይነሳል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ከኋላዬ ይጨመራል። አንድ ቃል የለም። የመቶ ሰው ዝምታ ከላይ አገር እንደሚመጣ ጎርፍ ነው፤ ባታዩትም ጀርባችሁ ያውቀዋል።

የአያ ቢምረው ደጅ ታየኝ። እሱ ደጃፉ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሰዓቱን ይዟል። ትርንጎ ከጎኑ ቆማለች፤ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። በኋላ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ያየው የራሱን ኮርሳ ነው። ቀጥሎ ላይዋ ላይ የተከናነበ ሰው። ቀጥሎ ከሰውየው ኋላ ጉሙን ሁሉ የሞሉ ነጫጭ ሰዎች፤ ከነሱም ላይ ከፍ ብለው ሁለት ደብዛዛ ዓይኖች። ሐሞቴ ቀድሞ ፈንድቶ ሞቻለሁ ማለት ነው ብሎ፣ በሰማይ ቤትም ጠጠር ቀደመኝ ብሎ ተበሳጨ።

ይህን ጊዜ ከጭነት መኪናው ላይ የሴቶች እሪታ ተነሳ።

"ወየው ቢምረው! ወየው ወንድሜ!"

ዞር አልኩ። ኮርሳዋም ዞረች። ከአጥሩ ጋር ተላተምን፤ እኔ በቀኝ ጉልበቴ ድንጋይ ላይ አረፍኩ።

ያ ሕመም ወዳጆቼ፣ ያ ሕመም! ከአውራ ጣቴ ተነስቶ እስከ ጥርሴ ወጣ። እንባዬ መጣ። "አለሁ" አልኩ መሬት ላይ እንደተዘረጋሁ። "አለሁ፣ አለሁ።"

ለቅሶው መሐል ላይ ቆመ፤ ያሉት ሁሉ ብርድ ልብስ የለበሰውን ሟች አይተውት ነበር። አያ ቢምረው ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ጠጠር።"

"አቤት።"

"ማነው የሞተው?"

"እስካሁን እኔ ነበርኩ" አልኩት።

"አሁንስ?"

ሕዝቡን አየሁት። "አሁን አንተ ነህ መሰለኝ፣ አያ።"

መምሬ አየልኝ ከጭነት መኪናው ወርደው መጡና በመቋሚያቸው ጫፍ አንገቴን ነኩኝ። ጥለቴን ነበር የነኩት። እንዲህ ነው ነገሩ፤ በኛ አገር ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ ያዞረ ሰው ሐዘን አለበት። ቢምረው ታሞ አልቀደድም ማለቱን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ኮርሳውን ሌላ ሰው እንደማይነዳትም ያውቃል። ታዲያ የልብ ወዳጁ እሑድ ጠዋት፣ ጥለቱን ገልብጦ፣ በሱ ኮርሳ ወደ ቤቱ ሲገሰግስ ሲያዩ ሌላ ምን ይበሉ? መርዶ የያዘን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቀድሞ ማለፍም ነውር ነው። ስለዚህ ተከተሉኝ። ያ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እግዜር ይስጠው፣ ያገኘውን ለቀስተኛ ሁሉ እየጫነ ከኋላዬ በጨዋነት መጣ። እኔም በጨዋነቱ ተገደልኩ።

አያ ቢምረው ሕዝቡን ለረጅም ጊዜ አየ። አሁን ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም። ወደኔ ጠጋ ብሎ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም" አለ። ከዚያ ወዲያው የድሮው ሬንጅ ሆነ።

"ዳገቱ ላይ አልወረድክም?"

"አልወረድኩም።"

"አልገፋሃትም?"

"አልገፋኋትም።"

"ማን አየህ?"

ይህን ሲናገር ራሱም ሞኝነቱ ገባው። ማን አየህ! ለቀብሩ የመጣ ሕዝብ ሁሉ ከኋላዬ ነበር። ሹፌሩ አልወረደም አለ። ሁለቱ ሴቶች አልወረደም አሉ። መምሬ አየልኝ ትንሽ አሰቡና "እኔ ፊት አንድ እግሩ ወርዷል" አሉ። ትርንጎ ፊቷን ያዘች። መምሬ ሐሰት የማይወዱ ሰው ናቸው። "ግን መቀመጫው አልተነሳም" ብለው ጨረሱ።

አያ ቢምረው ሰዓቱን አየ። አምስት ሊሆን ሩብ ሰዓት ያህል ይቀረዋል። ብርድ ልብሱን ለትርንጎ ሰጣትና በራሱ እግር ሄዶ መኪናው ውስጥ ገባ። ለመቅበር የመጣው ሕዝብ እስከ ከተማው መውጫ ሸኘው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠራኝ።

"ባልመለስ ደግመው እንዳይደክሙ ንገራቸው። ለቅሶዬን ተቀብያለሁ።"

ያኔ ነው ሰው የሳቀው። ሴቶቹ እየሳቁ እንደገና አለቀሱ፤ ያኛው ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነበር።

ኮርሳዋን እሱ እስኪመለስ እኔ ጋ ትቆይ ተባለና፣ መሪዋን ካቃናሁ በኋላ ወደ ደባርቅ ነዳኋት፤ ጥለቴን ወደ ታች አድርጌ። ዘግይተው የሰሙ ሰዎች ለልቅሶ ቤቱ ጠላና እንጀራ ይዘው ሲመጡ በየመንገዱ አገኘኋቸው፤ በየአንዳንዱ ፊት ቆሜ አልሞተም ማለት ነበረብኝ። አንዳንዱ ደስ አለው። አንዲት ሴትዮ ግን የተሸከመችውን እያየች "ታዲያ ይህን ሁሉ ምን ላድርገው?" ብላ ተቆጣችኝ።

አያ ቢምረው በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ጠጠሮቹን በትንሽ ጠርሙስ ሰጥተውት ነበር፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አኑሯቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኚህ ሰውዬ ዘመዶች ናቸው" እያለ ወደኔ ይጠቁማል። ሆዱ እስኪድን ብስክሌት ተከልክሏል፤ ስለዚህ ኮርሳዋ እንዳትዝግ እሑድ እሑድ እኔ እነዳታለሁ። ለሱ ነው የምነዳት እላለሁ። እናንተም እንደዚያ በሉልኝ።

ባለፈው እሑድ እዚያው ቁልቁለት ላይ ጉሙ እንደገና ያዘኝ። ጎማዋ ዝም አለች፣ ጉልበቴ ዝም አለ፣ መንገዱ በሥሬ መሳብ ጀመረ። ከኋላዬ ሁለት ደብዛዛ ብርሃን መጣ። አላለፈም። ጥለቴን ዳሰስኩ፤ ወደ ታች ነው። ቢሆንም አላለፈም። ላቤ መጣ። ዞሬ አላየሁም፤ መሪዋን ብቻ ቀስ አድርጌ ወደ አስፋልቱ ዳር፣ ወደ ጠጠሩ መለስኩት። ያቺ የጨዋ ልጅ ኮርሳ ተንቀጠቀጠች፣ ተንቋቋች፣ ጉልበቴም ተቆጥቶ ጮኸ።

መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ በአጠገቤ አለፈ፤ ጭቃውን እላዬ ላይ አፈሰሰው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሽበቴንም፣ ብስክሌቴንም፣ የወለደችኝንም ባንድ ትንፋሽ ሰደበልኝ።

እጄን አንስቼ ከልቤ አመሰገንኩት።